ከ«ይቅር» በኋላ ያለው ገጽ

በቅድሚያ አንድ ነገር ይመዝገብልኝ፤ እኔ መጽሐፍ ገንጥዬ አላውቅም። ልጃገረድ ሳለሁ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ከአንድ ባለሱቅ የተከራየሁት ልብ ወለድ የመጨረሻው ቅጠል ተገንጥሎ ተገኘ። ገንጣይዋ አንቺ ነሽ ተባልኩ፣ ስሜም በካርቶን ተጽፎ ሱቁ በር ላይ ተሰቀለ። ካርቶኑን ያነበቡት ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም፤ ያሉትም ረስተውታል። እኔ አልረሳሁም። ሰው ባላደረገው ነገር ስም ሲወጣለት፣ ነገሩ ትንሽ ነው ትልቅ ነው ተብሎ አይለካም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ፤ አጻጻፌ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈች ሴት አጻጻፍ ቢሆንም።

ነገሩን የቀሰቀሰችው የመጀመሪያ ልጄ ልጅ ሜሮን ናት። ዱራሜ ታስተምራለች። ወር ሲያልቅ ወደ እኔ ስትመጣ፣ ሌላው ሙዝና ዳቦ ሲያመጣ እሷ መጽሐፍ ታመጣልኛለች። «እማማ፣ አንብቢና ፍረጂ» ትለኛለች፤ ፍርድ እንደምወድ ታውቃለች። ሰሞኑን ካመጣችልኝ አንዱ፣ ቤታቸው ሊፈርስ ቀን ስለተቆረጠለት ሁለት እህትማማቾች ነው። ዕቃ ይካፈላሉ፤ አንዲት መስታወት ላይ ሲደርሱ ሁለቱም አልፈልጋትም ይላሉ፤ እናታቸው ስታለቅስ ያዩባት መስታወት ናት። እዚያ ጋ ስደርስ መነጽሬን አውልቄ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ከሁሉ የወደድኩት ግን ደራሲዋ ለቤት ሠራተኛዋ ስም መስጠቷን ነው። ስንቱን ልብ ወለድ አንብቤአለሁ፣ «ሠራተኛዋ በሩን ከፈተች»፣ «ሠራተኛዋ ውሃ አመጣች» እየተባለ፣ ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ በር ስትከፍት የኖረችው ሴት ስም ሳይወጣላት መጽሐፉ ያልቃል። ይህቺ ደራሲ ስም ሰጠቻት፣ የመጨረሻውንም ምዕራፍ ለእሷ ለቀቀችላት። ዕድሜ ይስጣት። ሁለተኛው ስለ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሾፌሩ ከሚስቱ ጋር በስልክ ሲነታረክ፣ የጎረቤቴን ድምፅ በግድግዳ በኩል የምሰማ ነው የመሰለኝ፤ እንዲህ አድርጎ ሰው የሚያናግር ደራሲ ጥቂት ነው። አንድ ነገር ብቻ ቅር አለኝ። ሾፌሩ በሦስት ከተማ ሦስት ሴት ይዞ በሰላም ሲያረጅ፣ አንድ ቀን ከጎረቤት ጋር የሳቀችው ሚስቱ ገደል ትገባለች።

«ገደሉን ማን ነው እዚያ ያመጣው?» አልኳት ሜሮንን።

«ደራሲው ነዋ።»

«እንግዲያው ይጠየቅበት።»

ሁለት ጊዜ ግን አንብቤዋለሁ። መጥፎ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ አላነብም።

የዛሬ መጽሐፍ ሲከፈት ሙጫ ሙጫ ይሸታል። የእኔ ጊዜ መጽሐፍ ላምባ ላምባ ነበር የሚሸተው። አንድ ጠዋት መብራት ጠፍቶ የጎረቤቴ ልጅ የድሮ ምድጃ አውጥታ ላምባ ስትቀዳበት፣ ሽታው በመስኮት ገባና እጄ ላይ ያለው አዲስ መጽሐፍ ድንገት የጋሽ ከድር መጽሐፍ ሆነብኝ። ጋሽ ከድር ሱቃቸው ከገበያው ፊት ለፊት ነበር። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚያው የከፈቱት ሱቅ ነው። ጨው፣ ክር፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ምላጭ፣ በአንድ ጥግ ደግሞ የላምባ በርሜል፤ ከበርሜሉ አጠገብ በሳሙና ሳጥን ውስጥ የተደረደሩ ልብ ወለዶች። ኪራዩ ለአንድ ቀን አስር ሳንቲም ነበር። አስር ሳንቲም ያኔ ሁለት ብስኩት ይገዛል፤ እኔ ብስኩት ምን እንደሚጥም ሳላውቅ ነው ያደግሁት ብል ብዙ አልዋሸሁም። ከመንገዱ ማዶ ካለው ቡና ቤት ቀኑን ሙሉ ዘፈን ይወጣል፤ ጎረምሶቹ እግሩ የሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ ማበጠሪያ ኋላ ኪሳቸው ሰክተው ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ። እኔ ናይለን ሻሼን አስሬ፣ ሸራ ጫማዬን በጠመኔ አንጥቼ በመሀላቸው አልፋለሁ። ወደ እኔ ሲያዩ ደስ ይለኝ ነበር፤ ልቤ ግን ሳሙና ሳጥኑ ጋ ነው።

ጋሽ ከድር አማርኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ እንጂ አያነቡም። የማያነቡትን መጽሐፍ እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁ ነበር፤ ለዚህ ዛሬም አከብራቸዋለሁ። ሽፋኑ ያለቀውን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ይለብጡታል። ስለዚህ የብዙዎቹን ርዕስም ደራሲም አናውቅም፤ እኛው ነን ስም የምናወጣላቸው። መጽሐፍ ሲመለስ አውራ ጣታቸውን በምራቅ ነክረው ቅጠሉን ይቆጥራሉ። ሲቆጥሩ ግን የሁሉንም አይደለም። የአስተማሪና የቢሮ ሠራተኛ መጽሐፍ እንዲሁ ተቀብለው ወደ ሳጥኑ ይወረውሩታል፤ የእኔንና የመሰሎቼን ይቆጥራሉ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

እኔ የምከራየው ለራሴ ብቻ አልነበረም። እናቴ፣ አክስቴና ጎረቤቶቻችን ከጓሮ ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ፣ እኔ ዱካ ላይ ተቀምጬ እያነበብኩ ወደ ሀዲይኛ እመልስላቸዋለሁ። ሴቶች እንሰት ወደሚፍቁበት ወንድ አይጠጋም፤ ስለዚህ የልባቸውን ነው የሚናገሩት። እጃቸው በሚፍቁበት ቀርከሃ ላይ ነው፣ ጆሯቸው እኔ ጋ። ክፉ ሰው ሲመጣ ፍቂያው ይፈጥናል፤ ፍቅር ሲመጣ ይዘገያል። አክስቴ በተለይ አታስጨርስም ነበር። «ቆይ፣ ይህቺ ልጅ እናት የላትም? ሰው ቤት ስትሄድ ማን ነው ዝም የሚላት?» ትላለች። እናቴ ደግሞ «ተያት፣ ታንብብ፤ እናቷን ደራሲው ረስቷት ይሆናል» ትላታለች። ዛሬ ሜሮን ትምህርት ቤት ስለ ልብ ወለድ ስትወያዩ ምን ትላላችሁ ብዬ ብጠይቃት፣ የነገረችኝ ሁሉ አክስቴ እንሰት እየፋቀች የጠየቀችው ነው።

ያ ልብ ወለድ «ቀያሹ» ነበር የሚባለው፤ እኛ ያወጣንለት ስም ነው። መሬት ሊለካ ወደ አንድ ትንሽ ከተማ የመጣ ሰውና የባለወፍጮ ቤት ልጅ ታሪክ። እስከ ዛሬ ካነበብኩት ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ቀያሹ ልማዱ ስለሆነ ወደ ቤቷ የሚወስደውን እርምጃ ይቆጥራል። መጀመሪያ ሁለት መቶ አርባ ነው። ከጥቂት ገጽ በኋላ ሁለት መቶ አስር ይሆናል። ከዚያ መቶ ሰማንያ። ደራሲው ወደዳት ብሎ አንድም ቦታ አልጻፈም፤ እርምጃውን ብቻ ነው የጻፈው። እኔ ቁጥሩን ወደ ሀዲይኛ ስመልስ ሴቶቹ ቀርከሃቸውን አቆሙ። አክስቴ እንኳ «ቀጥዪ» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ሰው በመሀላቸው ይገባል፤ ልጅቷ ሌላ ሰው ወዳለች ተብሎ ይወራል፤ ወሬው ውሸት ነው። ቀያሹ ሩቅ አገር ሆኖ ይሰማና ደብዳቤ ይጽፍላታል። የገጹ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፤ «ብዙ አሰብኩበት። አሁን ግን ይቅር»። ቅጠሉን ስገልጥ የሲሚንቶው ወረቀት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የለም።

አማርኛ አፍ የፈታችሁበት ሰዎች ይህ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ላይገባችሁ ይችላል። በአማርኛ «ይቅር» የበደለሽን መማር ነው፤ «ይቅር» ነገሩ መቅረቱም ነው። በእኛ ቋንቋ ሁለቱ አንድ ላይ አይሄዱም፤ ለሴቶቹ ስመልስላቸው አንዱን መምረጥ አለብኝ። ማራት ወይስ ተዋት? እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «እ? ምን አለ?» አለችኝ። ነገ እነግራችኋለሁ ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁት።

በማግስቱ አስር ሳንቲሜን ይዤ ሄድኩና እኔው ራሴ ተናገርኩ። የሰረቀ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ ይህንንም ልብ በሉ።

«ጋሽ ከድር፣ ይሄ መጽሐፍ መጨረሻው የለም።»

«የት አደረግሽው?»

«ስቀበልም አልነበረውም።»

ከእኔ በፊት የተከራየው አንድ ወጣት አስተማሪ ነበር። አጋጣሚ ሆኖ ምላጭ ሊገዛ እዚያው ቆሟል። ቴትሮን ሸሚዝ ለብሷል፤ አንገትጌው የተተኮሰ ነው። ጋሽ ከድር ወደ እሱ ዞሩ። «መምህር፣ እርስዎ ሲመልሱት ሙሉ አልነበረም?»

አስተማሪው መጽሐፉን አየ፤ እኔን አላየም። «ሙሉ ነበር» አለ።

«ሰማሽ?»

«የእሳቸውን አልቆጠሩትማ፤ የእኔን ነው የሚቆጥሩት» አልኩ።

«መምህር ይዋሻል እንዴ? ነውር አታውቂም?» አሉኝና የካርቶን ክዳን ቀደዱ፤ መጻፍ ስለማይችሉ እርሳሱን ለአስተማሪው ሰጡት። እሱም ጻፈ። «ታደለች ገንጣይ ናት። መጽሐፍ አይሰጣት።» ገጽ ቀደደች ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ነገሩ ሳምንት ሳይሞላው ይረሳ ነበር። ግን ያኔ ሬዲዮው ጠዋት ማታ ገንጣይ ገንጣይ የሚልበት ጊዜ ነው፤ አስተማሪው ከከምባታ የመጣ ነው፣ አማርኛን እንደኛው በትምህርት ቤትና በሬዲዮ ነው የለመደው፤ አፉ ላይ የመጣለትን ቃል ጻፈ። በሦስተኛው ቀን ቀበሌ ተጠራሁ።

«ምንድን ነው የገነጠልሽው?» አሉኝ ሊቀመንበሩ።

«ምንም አልገነጠልኩም። ቅጠል ነው የተባለው።»

«የምን ቅጠል? ጫት ነው?»

«የመጽሐፍ ነው።»

«የምን መጽሐፍ?»

«የፍቅር።»

አጠገባቸው የተቀመጠው ጸሐፊ ሳቁን በእጁ ያዘው። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቁም፤ ጋሽ ከድርን አስጠርተው ካርቶኑን ዛሬውኑ አውርድ አሏቸው። ካርቶኑ ወረደ፤ ስሙ ግን ላዬ ላይ ቀረ። ገበያ ላይ «ገንጣይዋ መጣች» ይሉኛል። ባሌ ሽማግሌ ሲልክ እንኳ ሆመቾ ያሉ ዘመዶቹ «ልጅቷ ገንጣይ ናት ይባላል፤ ወንድማማች ትለያይ ይሆን?» ብለው ሁለት ሳምንት መክረዋል። ከዚያ ወዲህ በከተማው መጽሐፍ የሚያከራየኝ ጠፋ፤ ካገባሁና ልጆቼ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ነው እንደገና ማንበብ የጀመርኩት። በመሀል ያለፉት ዓመታት ያሳዝኑኛል። ስንት መጽሐፍ ይነበብባቸው ነበር።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር፤ የሰውን ብቻ መናገር ፍትሕ አይደለም። ሴቶቹ እንሰት ለመፋቅ ሲሰበሰቡ መጨረሻውን ጠየቁኝ። የለም ማለት አቃተኝ። «ማራት» አልኳቸው። ሰርጉንም ከራሴ ፈጥሬ ነገርኳቸው፤ ሙዚቃውንም፣ ልብሷንም፣ እሱ ወደ በሯ ሲመጣ እርምጃውን መቁጠር መርሳቱንም። አክስቴ አለቀሰች። እናቴ «አውቄዋለሁ፤ እንዲያ የሚራመድ ሰው አይተዋትም» አለች። እናቴ ስትሞት ያ ቀያሽ ያቺን ልጅ እንዳገባት ነው የምታውቀው። መጽሐፍ ባየሁበት ሁሉ ያንን ገጽ የፈለግሁት ስሜን ለማጥራት ብቻ አልነበረም፤ እናቴን ዋሽቻት ይሁን እውነት ነግሬያት ለማወቅ ነው። ግን ርዕሱን የማላውቀውን መጽሐፍ ምን ብዬ ልጠይቅ? መጽሐፍ ሻጮቹ የሲሚንቶ ወረቀት ለብሶ የነበረ መጽሐፍ አላችሁ ስላቸው እንደ እብድ ያዩኝ ነበር። አስተማሪውን ጠርጥሬዋለሁ፤ ነገር ግን ሲገነጥል አላየሁትም፣ ያላየሁትን አልናገርም። ዓመቱ ሳያልቅም ተዛውሮ ሄደ፤ ስሙን እንኳ አላወቅሁም፣ ሁሉም መምህር ነበር የሚለው።

ባለፈው ሜሮን የምታስተምርበት ትምህርት ቤት የንባብ ቀን አዘጋጀና የወደዳችሁትን ልብ ወለድ ኑና ተናገሩ ብሎ ትልልቅ ሰዎችን ጠራ። ነጠላዬን ለብሼ በአንጋጫ በኩል በሚኒባስ ሄድኩ። አዳራሹ በተማሪ ተሞልቷል፤ ፊት ለፊት የጡረተኞች ወንበር አለ። ስለ መስታወቷ ተናገርኩ፣ ስለ ሾፌሩ ሚስት ተናገርኩ፤ ገደሉን ስነግራቸው ሳቁ። ከዚያ ስለ ቀያሹ፣ ስለ እርምጃዎቹ፣ ስለ «ይቅር» እና ስለ ካርቶኑ ነገርኳቸው። «እስከ ዛሬ መጨረሻውን አላውቅም» አልኩና ተቀመጥኩ።

ለሻይ ስንወጣ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ከግድግዳው ጥግ እየተራመዱ መጡ። ኮታቸው ያረጀ ነው፤ አንገትጌው ግን ተተኩሷል። አንገትጌውን ሳይ ነው ያወቅኋቸው።

«ካርቶኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉኝ።

«ገጹንስ?»

«እሱንም የገነጠልኩት እኔ ነኝ።»

ስንት ዓመት ያዘጋጀሁት ስድብ ነበረኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «መጨረሻው ምን ይላል?»

ዓይናቸውን ጨፈኑና በቃላቸው አሉት። «ብያለሁ። ደህና ሁኚ። ቤት ሥሪ፣ ልጅ ውለጂ፣ ኑሪ።»

ተዋት ማለት ነው። ሰርጉ አልነበረም። እናቴን ዋሽቻት ነበር። ሻዬን አስቀመጥኩና «ለምን ገነጠሉት?» አልኳቸው።

ነገሩን አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ነገሩኝ። ያኔ አዲስ አበባ ያደገች ልጅ ታጭታላቸው ነበር። በአንድ ነገር አስቀየመቻቸውና ቆይተው ይቅር ሊሏት ፈለጉ። አማርኛዬ ያሳፍረኛል ብለው ፈሩ። ቀያሹን ሲያነቡ «ይቅር ብያለሁ» የሚለውን አገኙ፤ ምሬሻለሁ ማለት መሰላቸው። «ደህና ሁኚ» ጤና ይስጥሽ መሰላቸው። «ቤት ሥሪ፣ ልጅ ውለጂ» ሲል ደግሞ ከእኔ ጋር ነው አሉ። ይህን ያህል ያማረ ነገር በእጅ ጽሑፍ አይበላሽም ብለው ቅጠሉን ገንጥለው፣ ከገጹ አናት ላይ «ይቅር» የሚለውን ብቻ በእጃቸው ጨምረው፣ በፖስታ ላኩት።

«ምን መለሰችልዎ?»

«‹ስንብትህ ደርሶኛል› አለችኝ። ስንብት ምን እንደሆነ ሰው ጠይቄ ነው የተረዳሁት።» ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩት። «የጻፍኩላትንም አደረገች። ቤት ሠራች፣ ልጅ ወለደች። ከሌላ ሰው።»

ሳቄ መጣ፤ እሳቸውም ትንሽ ሳቁ። ያ ደራሲ ግን ምን ዓይነት ሰው ነበር? በአንድ ቃል ሁለታችንን ይህን ሁሉ ዘመን ያንከራተተን። ማድነቄ አልቀነሰም። ሳቁ ሲያልቅ ግን ተነሣሁ።

«እዚህ አግዳሚ ላይ አይሆንም። ካርቶኑ በር ላይ ነበር የተሰቀለው። አዳራሽ ገብተው ይናገሩት።»

ሜሮን ክንዴን ያዘችኝ። «እማማ፣ ሽማግሌ ናቸው፤ ተያቸው።»

«እኔስ ልጃገረድ ነኝ?»

ተማሪዎቹ ወደየቦታቸው ሲመለሱ ሽማግሌው ሳይጠሩ መድረኩ ላይ ወጡ። ማይክሮፎኑን በሁለት እጃቸው ያዙ። ስማቸው ማቴዎስ እንደሚባል፣ ሆሳዕና እንዳስተማሩ፣ የቀያሹን የመጨረሻ ገጽ የገነጠሉት እሳቸው እንደሆኑ፣ ሲጠየቁ እንደዋሹ፣ ካርቶኑንም በእጃቸው እንደጻፉ አንድ በአንድ ተናገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወይዘሮ ታደለች» አሉ። «ይቅር» አሉና ድምፃቸው ተቆረጠ።

እኔም ከተቀመጥኩበት ሆኜ ጠየቅኋቸው። «የትኛው ይቅር ነው?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው አስጠጉት።

«‹ይበሉኝ› ያለበት ነው» አሉ።